ጆንያ ይተነፍሳል

መርፌውን ያስቀመጥኩት ባለፈው ጥቅምት ነው። ቀሚሴን ከጆንያው ጋር አብሬ ሰፋሁት። እያወራሁ ሰፋሁ፣ ሰፋሁ፣ ሲባጎውን ቋጥሬ ልነሳ ስል ጆንያው አብሮኝ ተነሳ። ማዶ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ልጆች «እትዬ አስካለ ጭራ አበቀሉ!» ብለው እየተንከባለሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እቤት ስገባ ግን ለልጄ «በቃኝ፣ ዓይኔ ከዳኝ» አልኳት። የልጅ ልጄ ቤዛ ይሄን ሰማችና «እንግዲያው ያንን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ እንደነበር ንገሪኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷን አምኜ ነው የማወራው፤ ያላልኩትን ከጨመረች ኃጢአቱ የሷ ነው።

ሥራዬ ጆንያ መጣፍ ነበር። የአሁን ልጆች ጆንያ ስላቸው ማዳበሪያውን ነው የሚያስቡት፤ ያንን ነጩን፣ የሚንሿሿውን። እሱ ላስቲክ ነው። ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፤ ገበሬው ማዳበሪያ ሲገዛ የሚሰጡት ከረጢት ባዶውን ሲቀር ስሙን ይዞ ቀረ። ጆንያ ግን ከቃጫ የተሸመነ ነው። ይኮሰኩሳል፣ ይሸታል፣ ይከብዳል። ይተነፍሳል ደግሞ። ይሄን በኋላ እመጣበታለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ቃሊቲ የመጣን ጊዜ እሱ እዚያ ትልቁ የእህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ሆኖ ገባ። እኔ ደግሞ በመጋዘኑ ጓሮ የጆንያ ክፍል የሚሉት ቤት ነበር፣ እዚያ ገባሁ። ስድስት ሴቶች ነበርን። ደሞዙን አትጠይቁኝ፤ ልጅ ያሳድግ ነበር፣ ይበቃል። የክፍላችን አለቃ እትዬ ዘርፌ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸው። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮሃል፤ እሳቸው ሲቆጡ ጆሮሽን ካላስጠጋሽ አትሰሚያቸውም። ስለዚህ ሁላችንም ዝም ሲሉ ነበር የምንፈራቸው።

መጀመሪያ ቀን መርፌ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ባዶ ጆንያ ወረወሩልኝና፣

«አሽትቺው» አሉኝ።

«ምን?»

«አፉን ክፈቺና አሽትቺው። ምን ምን ይላል?»

ጭንቅላቴን ከተትኩ። «አቧራ አቧራ ይላል» አልኳቸው።

«አፍንጫሽ ገና ልጅ ነው» አሉና ተቀብለው አሸተቱት። «ላምባ ነክቶታል። ይሄ እህል አይገባበትም፤ ለከሰል ይሁን» ብለው ወደ ጥግ ጣሉት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መርፌ ሳልይዝ ጆንያ ሳሸት ከረምኩ። ባለቤቴ እየሳቀ «ሥራ አገኘሽ ብዬ ስደሰት ውሻ አደረጉሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ከሽታው በኋላ መገልበጥ ነው። ጆንያውን ገልብጠሽ ስፌቱን ታራግፊዋለሽ፣ ነቀዝ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ በሩ ላይ ቆመሽ በብርሃን ታይዋለሽ፤ ቀዳዳው ሁሉ ቁልጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው መርፌ። እትዬ ዘርፌ ሁለት ነገር አጥብቀው ይይዙ ነበር። አንደኛ፣ ለአሮጌ ጆንያ ጥፉ አሮጌ ይሁን። አዲስ ጨርቅ ከጣፍሽበት አዲሱ ይጨማደድና አሮጌውን ጎትቶ ይቀደዋል። ወንጌሉም ይለዋል፣ እሳቸው ግን ከወንጌል ሳይሆን ከእጃቸው ነው ያወቁት። ሁለተኛ፣ ጥፍ ከውስጥ ነው የሚገባው። ከውጭ ከለጠፍሽው እህሉ እየገፋ ይገነጥለዋል። ከውስጥ ከሆነ እህሉ ራሱ ተጭኖ ይይዘዋል። «ክብደቱን ጠላት አታድርጊው፣ ሠራተኛ አድርጊው» ይሉ ነበር።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። የተሞላ ጆንያ አፉ ከመታሰሩ በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱበታል። እህሉ ይሞቅ እንደሆን በእጃቸው ይለካሉ፤ የሚሞቅ እህል እየተበላሸ ነው። ከዚያ ከታች አንድ ፍሬ አውጥተው በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ቀጭ ካለ ደረቅ ነው፤ ጥርስ ካረፈበትና ካልተሰበረ እርጥብ ነው፣ ይመለሳል። ሚኒስትር ቢመጣ ይሄን ሳያደርጉ አያስሩም። የዚያን ጊዜው የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ታደሰ፣ ሁሌ የሚቸኩሉ ሰው፣ «ዘርፌ፣ መኪናው ቆሟል'ኮ!» ሲሏቸው «ይቁም፣ እግር የለው አይደክመው» ብለው እጃቸውን ይከታሉ።

እኔን «እጅሽ ጎበዝ ነው፣ ትዕግስትሽ ግን አጭር ነው» ይሉኝ ነበር። ይሄንንም ጻፊው ቤዛ፣ እውነት ነው።

ጆንያ ያኔ አይጣልም። ስንዴ ይዞ ይጀምራል። ሲያረጅ ባቄላ፣ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ በሰፋ ሽመና አይወጣም። ከዚያ ከሰል። ከዚያ ተፈቶ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ወይ የጓሮ በር ይሆናል። በመጨረሻ ተቆራርጦ ከጭድ ጋር ጭቃ ውስጥ ይቦካና ግድግዳ ይመረግበታል። ሳሪስም ቃሊቲም ያሉት የድሮ ጭቃ ቤቶች ስንቱ ሆዳቸው ውስጥ እኛ የጣፍነው ጆንያ እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰውንም ጆንያ ነበር የሚሠራው። መቶ ኪሎ ይይዛል። ጀርባ ማለት መቶ ኪሎ የሚችል ጀርባ ነበር፤ ያልቻለ መጋዘን አይቀጠርም። ባለቤቴ ወገቡን ይዞ ሲቀመጥ «ይሄን መቶ ያለው ሰውዬ ማን ነው? ተሸክሞት ያውቃል?» ይል ነበር። 

ከዚያ ላስቲኩ መጣ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ በመኪና ሙሉ። ሃምሳ ኪሎ የሚይዝ፣ ነጭ፣ ቀላል። ወዛደሮቹ መጀመሪያ ተናደዱ። ጆንያ በሜንጦ፣ በዚያ የብረት መንጠቆ፣ ሲይዙት ሜንጦው ገብቶ ይወጣል፣ ሽመናው ይገጥማል። ላስቲኩ በሜንጦ ሲነካ ተተርትሮ ያልቃል። ድርድሩም ያንሸራትታል። አንድ ቀን እስከ ጣሪያው የተደረደረው ስንዴ እየተንሸራተተ ወርዶ በሩን ዘጋው። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንዱ ወዛደር ክምሩ ላይ ቆሞ «ይሄ ጆንያ ነው ዓሣ?» ሲል ሳቃችን አልቆም አለ። ባለቤቴ ግን ውሎ አድሮ ወደደው። ሃምሳ ኪሎ ነዋ! ወገቡ አረፈ። እኔ ማታ ማታ ላስቲኩን ስረግም እሱ ይመርቀው ነበር። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

አቶ ታደሰ ጆንያ ክፍሉን ሊዘጉ ሲመጡ እትዬ ዘርፌ ጡረታ ወጥተው ነበር። ቁልፉን የተቀበሉት ከኔ ነው።

«አስካለ፣ አዲሱ አይጣፍም'ኮ። ሲቀደድ ይጣላል» አሉኝ።

«የት ይጣላል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ይጣላላ!»

የት እንደሚጣል በኋላ አቃቂ ወንዝ ዳር አየሁት። ውሃው ሲሞላ ያመጣዋል፣ ሲጎድል እሾሁ ላይ ሰቅሎት ይሄዳል።

እኔም ቁጭ አላልኩም። መንገድ ዳር ቆርቆሮ ዘርግቼ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። አሮጌ ጆንያ እጥፋለሁ፣ ያገለገለ ማዳበሪያ አጥቤ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ከገላን በኩል የሚመጡት ገበሬዎች ነበሩ። ቀስ በቀስ ደግሞ እኔ ራሴ የላስቲኩ ሰባኪ ሆንኩ። ምን ላድርግ፣ የሚሸጠው እሱ ነው። በተለይ ውስጡ ሌላ ስስ ላስቲክ ያለበት ዓይነት ነበር። «ዝናብ አያስገባ፣ አይጥ አይወደው፣ አንዴ ካሰሩት እስከ ፈለጉት ጊዜ ነው» እያልኩ አፌ ደረቀ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማከብራቸው ኦቦ ደቻሳ ነበሩ። በየዓመቱ ሦስት ጆንያ ይዘው ይመጣሉ፣ ለዘር ሽምብራ። ሽምብራቸው ትንንሽ፣ ጠቆር ያለ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ነው፣ አባታቸውም ከአባታቸው። የእኛ ሰፈር መሬት ኮቲቻ ነው፣ ጥቁሩ አፈር፤ በክረምት ጫማ ይውጣል፣ በበጋ እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል። የገበያ ሽምብራ እዚያ ላይ ሲዘራ ይበቅልና አበባ ሳያወጣ ይደርቃል። የሳቸው አይደርቅም። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ይዘራል፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ያ ዘር ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተኝቶ መክረም አለበት። የሳቸው ሀብት ያ ነበር።

አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ የፋሲካ ሳምንት ነው፣ ሦስቱን ጆንያ ይዘው መጡ።

«እንደ ወትሮው ጣፊልኝ» አሉኝ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ይሄ እኮ ጥፍ ብቻ ሆነ። እስከ መቼ ይጣፋል? ይኸውልዎ አዲሱን ይውሰዱ።»

«ላስቲክ ነው'ኮ ይሄ። አላውቀውም።»

«እኔን ያውቁኛል አይደል?»

ሳቁ። «አንቺንማ አውቅሻለሁ።»

በማግስቱ ዘሩን በአህያ ጭነው አመጡልኝ፣ በአዲሱ እንድሞላላቸው። ከሁለት ቀን በፊት ካፊያ ነክቶት ነበርና አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። «ደርቋል» አሉ። እኔ ጋ ሰው ተሰልፏል፣ የበዓል ሳምንት ነው፣ ሁሉም ይጮሃል። ሞላሁ። እጄን አልከተትኩም። ፍሬ አልሰበርኩም። ከረጢቱ አዲስ፣ ንጹሕ፣ የሚያብለጨልጭ ነው፤ እንዲህ የሚያምር ነገር ውስጥ ምን ሊበላሽ ይችላል አልኩ መሰለኝ። በሲባጎ ሦስት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩና፣

«እስከ መስከረም እንዳይፈቱት» አልኳቸው።

ይሄን ራሴ ነኝ ያልኩት። በጆንያው ጊዜ ኦቦ ደቻሳ በየወሩ ይፈቱት፣ ያዩት፣ ያገላብጡት ነበር።

ነሐሴ ላይ አንዲት ሴትዮ በዚያው ዓይነት ከረጢት ስንዴ ይዛ መጣች። «ምን ሆኖ ነው የሚሸተው?» አለችኝ። እጄን ከተትኩ። ሞቀኝ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዝናብ፣ ስንዴው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይሞቃል። ሴትዮዋን ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የማስታውሰው «ኦቦ ደቻሳ!» ብዬ መቆሜን ነው።

በነጋታው በጠዋት ኮንጎ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ጭቃው አንዱን ጫማ ሁለት ጊዜ ነጥቆኛል። ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጥቁር ሆኜ ነበር። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ አይተውኝ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም። ሽምብራውን እንፍታው።»

ኦቦ ደቻሳ ከውስጥ «እስከ መስከረም አይፈታም ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ፊቴን ሲያዩ ግን ተነሱ።

የመጀመሪያውን ፈታሁት። የከረመ አተላ ይሸታል። ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ሁለተኛውም ያው። አዴ ጫልቱ «ዋይ! ዋይ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ኦቦ ደቻሳ አንዲት ፍሬ አንስተው ነከሱ፣ ተፉት፣ ሌላ አንስተው ነከሱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ሳስር እጄን አልከተትኩም። ሁሌ የሚደረገውን አላደረግኩም።»

እጃቸውን አራገፉ። ከዚያ «እኔስ እጅ የለኝም?» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከገበያ እንግዛ ይሆን?» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ለራሳቸው ነው የሚያወሩት። «የገበያው እዚህ ይደርቃል። አባትህ ቢያይ ምን ይል ነበር...»

ሦስተኛው ከረጢት ከምድጃው ግድግዳ ጋር ተደግፎ ነበር። ከላይ ስፈታው ሽታው ቀለል አለ። ወገቡ ድረስ ወረድኩ፣ አልሞቀም። ከዚያ በታች ነው የተበላሸው። ግማሹ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው፣ ወይም መስሎን ይሆናል። ማወቂያው አንድ ነው። ከአሮጌው ጆንያ ቆረጥኩ፣ በውሃ ነከርኩ፣ አሥር ፍሬ ደርድሬ ጠቀለልኩና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ከእያንዳንዱ ከረጢት እንዲሁ። እቤቴ አልተመለስኩም፤ ለባለቤቴ መልእክት ላክሁና እዚያው ሰነበትኩ። ቀን ቀን ሦስታችን ሰሌን ላይ አስጥተን አንድ አንድ ፍሬ እየለየን እንውላለን። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሽምብራ ነው የሚታየኝ።

በአራተኛው ቀን ጥቅልሉን ፈታን። ከመጀመሪያው ምንም። ከሁለተኛው አንዲት፣ እሷም የታመመች። ከሦስተኛው የላይኛው ግማሽ ስድስት፣ ነጭ ጭራቸውን አውጥተዋል። አላመንም፤ ደገምነው። አሁንም ስድስት። ኦቦ ደቻሳ የጆንያዋን ቁራጭ በእጃቸው ይዘው «ስድስት ካለ ዘር አለ» አሉ።

ሌላውን መሬታቸውን ጓያ ዘሩበት። ያችን የተረፈችውን ከቤቱ ኋላ ባለው ደህናው መሬት ላይ ጠቅጠቅ አድርገው ዘሯት። ሳሳ ብሎ ወጣ። ጥር ላይ እሸቱ ሲደርስ ሄጄ ነበር። የዚያን ዓመት ከዚያ ማሳ አንድ እሸት አልተቀነጠበም። ልጆቻቸው ድንበሩ ላይ ቆመው ያያሉ፣ እጃቸውን ግን አይሰዱም። የተነገራቸው ነገር ነበር። እኔም ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሽምብራ እሸት ስበላ ያንን ማሳ ሳላስብ በልቼ አላውቅም። የተሰበሰበው አንድ ጆንያ ሙሉ አልሆነም፤ ዘር ግን ነበር። በየዓመቱ እየጨመረ እንደ ድሮው ሆነ።

ያኔ እዚያ ስንለቅም አዴ ጫልቱ ያሉኝ ነገር ነው እንጀራዬ የሆነው። «ለሰው ቤት ስትሠሩ መስኮት ታወጣላችሁ፣ እህሉን ግን አፍናችሁ ትገድላላችሁ» አሉኝ።  እቤት ገብቼ ማዳበሪያውን ጎኑን ቆረጥኩት፣ ሁለት ስንዝር የሚሆን፣ በዚያ ላይ ጆንያ ሰፋሁበት። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ላስቲኩ መርፌ የገባበትን እየተከተለ ተተረተረ። ሁለተኛውን የተቆረጠውን ጠርዝ በጋለ ቢላ አስነካሁትና እርስ በርሱ ተያያዘ። አሁንም ክብደቱን አልቻለም። በሦስተኛው የእትዬ ዘርፌን ነገር አሰብኩና ጆንያውን ከውስጥ፣ ሰፋ አድርጌ አስገባሁት። ያዘ! ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ጎኑ ይተነፍሳል፣ በሜንጦም ከፈለግሽ መስኮቱ ላይ ይያዛል። ስሙን ሰው ባለመስኮት አለው። ሾፌሮቹ «እትዬ አስካለ፣ በሩንስ መቼ ነው የምታወጪለት?» እያሉ ያላግጡብኝ ነበር። ያላገጡት ሁሉ በኋላ ለቤታቸው ገዙ።

ደግሞ ላስቲክን ብቻ ልርገም አልልም። በቅርቡ አንዲት የግብርና ልጅ ሁለት ሽፋን ያለው ከረጢት ይዛ መጥታ «ይሄ ነቀዙን አየር አሳጥቶ ይገድለዋል» አለችኝ። ስከራከራት ቆየሁና ያን ሁሉ የደረሰብኝን ነገርኳት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ «እማማ፣ ያጠፋው ላስቲኩ አይደለም፣ ያልደረቀው እህል ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ጆንያ ይቅር ባይ ነው፤ ትንሽ ብትሳሳቺ ያስተነፍስልሻል። ላስቲክ የሰጠሽውን ነው የሚይዘው፤ ደረቅ ከሰጠሽው ደረቅ፣ እርጥብ ከሰጠሽው እርጥብ። ይቅር የማይል ዕቃ የያዘ ሰው ራሱ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። እኔ ያኔ የተገላቢጦሽ ነው የሆንኩት፤ ዕቃው ሲያምር እኔ ተኛሁ።

ቤቱም እንደዚያው ነው። አሁን እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን። ጥሩ ነው፣ ውሃው ቤት ውስጥ ነው፣ ሲዘንብ ጣሪያ አያንጠባጥብም። ግን ኩንታል ጤፍ ገዝተሽ የት ታሰጫለሽ? ማን አራት ፎቅ ይሸከምልሻል? ስለዚህ ሰው በኪሎ መግዛት ለመደ፣ ያቺንም በፌስታል። ጎረቤቶቼ ስስት ይዟቸው አይደለም፣ ቤቱ ነው እንደዚያ ያስለመዳቸው። ድሮ ግቢ ሲኖረን አንድ ጆንያ ዓመቱን ሙሉ ይበቃን ነበር፤ አሁን ለአንድ ሳምንት ስንት ፌስታል። በቅርቡ ደግሞ ፌስታል ይከልከል ሲባል ሴቶቹ በሬን ያንኳኩ ጀመር። «እትዬ አስካለ፣ የገበያ መያዣ ስፉልን።» ከአሮጌ ማዳበሪያ ሰፋሁላቸው፣ ጎኑ ላይ የጆንያ መስኮት፣ ቲማቲሙ እንዳይታፈን። ማንጠልጠያውን ሳደርግ የሴት እጅ እንዳይቆርጥ ሰፋ አድርጌ ነው። መጨረሻ ሥራዬ ያ ነበር፣ ቀሚሴን እስክሰፋው ድረስ።

አሁን ወደ ኦቦ ደቻሳ ልመለስ፣ ይሄ ካልተነገረ ሌላው ሁሉ አይጥምም።

መሬታቸው ለቤት ግንባታ ተወሰደ። ካሣ ተቀበሉ፣ ልጆቻቸው ተበታትነው ሥራ ያዙ፣ እሳቸው ደግሞ እዚሁ እኛ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ሆኑ። የሚጠብቁት አጥር ከድሮ ማሳቸው ሩቅ አይደለም። ስለዚያ ብዙ አያወሩም። የመጨረሻውን ሽምብራ ግን በባለመስኮት ሞልተው አልጋቸው ሥር አስቀምጠውት ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። የሚዘራበት መሬት የለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በር ላይ አስቁመውኝ፣

«አስካለ፣ ዘር ሳይዘራ ስንት ዓመት ይኖራል?» አሉኝ።

«አላውቅም ኦቦ ደቻሳ።»

«አዴ ጫልቱ እናብስለውና እንብላው እያለች ነው።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ አፌ እሺ ይላል፣ እጄ አይፈታውም።»

ጠቅልለን ሞከርነው፣ እንደዚያኛው ጊዜ። ከአሥሩ አራት። ሁለት ዓመት ቆይቶ አራት! ግን በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ ምንም። ያን ቀን ነው እኔ የተንጨረጨርኩት። «መሬት ያለው ዘመድ የለዎትም?» ብል ከዱከም ወዲያ የእህታቸው ልጅ አለ አሉ፣ ኮቲቻ ላይ ነው የሚያርሰው። «ታዲያ ይደውሉለት!» «ይስቅብኛል፣ የተመረጠ ዘር ከመንግሥት ይወስዳል እሱ።» «ይሳቅ!» አልኩና ስልኩን ቤዛ ደወለችው። ልጁ አልሳቀም። «አጎቴ፣ የእርሻዬን ጫፍ እሰጥዎታለሁ፣ ከበቀለ የበቀለውን ያህል» አለ።

መስከረም ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከመላኩ በፊት ይናፈስ ብለን ሽምብራውን የሕንፃው መኪና ማቆሚያ ላይ አሰጣነው። ኦቦ ደቻሳ በጥበቃ ልብሳቸው ዱላቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። አንዱ ወጣት መኪናውን ይዞ መጣና ጡሩምባ ነፋ።

«አባባ፣ የት ላቁም?»

«ጎረቤት ሕንፃ።»

«ይሄ'ኮ መኪና ማቆሚያ ነው!»

«ድሮ የሽምብራ ማቆሚያ ነበር። ሂድ፣ ነገ ትመጣለህ።»

ልጁ ሳቀና ዞረ። ከሦስተኛ ፎቅ ሴቶቹ በረንዳ ላይ ወጥተው «ለሽያጭ ነው?» ይላሉ። «ዘር ነው! ዘር ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ሁለት ቀን እንደዚያ ዋለ። ከዚያ ባለመስኮቱን እኔ ሞላሁት፣ እኔ አሰርኩት፣ በአይሱዙ ላክነው።

ሦስት ሳምንት ምንም አልተሰማም። ኦቦ ደቻሳ በየቀኑ በሩን ስወጣ ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ፣ ሁለታችንም ስለ አየሩ እናወራለን። አዴ ጫልቱ ደግሞ «ሽምብራዬን በልተን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስተነው ነበር» ይላሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤዛ ስልክ ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ልጁ ነው። እኔ አላነሳሁትም፤ «ኦቦ ደቻሳን ጥሪ፣ የሳቸው ነው» አልኳት። አራት ፎቅ ወጡ፣ በሰባ ስንት ዓመታቸው፣ እያለከለኩ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወጥቷል አጎቴ!» አለ ልጁ።

«ስንቱ?»

«ወደ ግማሽ የሚጠጋው። ቁመቱ ትንሽ ነው፣ ግን ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከጎኑ ያለው የኔ ዘር ቢጫ ሆኗል፣ ውሃ ተኝቶበት። የአንቱ ምንም አልሆነም።»

ኦቦ ደቻሳ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉ። ስልኩን ትኩር ብለው ያዩታል፣ የሆነ ነገር ከውስጡ የሚወጣ ይመስል። ልጁ «አጎቴ? አጎቴ? ተቋረጠ እንዴ?» ይላል።

«አልተቋረጠም» አልኩት እኔ። «እየሰሙ ነው።»

በመጨረሻ «ወፍ ጠብቅ» አሉት። «እሸት እንዳትበላ። ልጆችህም እንዳይበሉ ንገራቸው። ዘንድሮ ብቻ።»

«እሺ አጎቴ።»

ስልኩ ሲዘጋ ወደኔ ዞሩ።

«ለጥር አምስት ጆንያ ያስፈልገኛል» አሉኝ።

«አምስት? ኦቦ ደቻሳ፣ የሰደድነው እኮ ግማሽ ጆንያ አይሆንም። አንድ ይበቃል።»

«አምስት ብያለሁ!» አሉና ዱላቸውን አነሱ። ከታች በሩ ላይ መኪና ጡሩምባ እየነፋ ነበር። «መጣሁ! መጣሁ! ምን አስቸኮለህ!» እያሉ ደረጃውን ወረዱ።